አራሷ ሞተር

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ በጉሎ ስታሟሽ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ጭስ በጭስ ሆነ። ሰው ሁሉ በሩን እየከፈተ «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» ይላል። እኔ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለሌላው ሰው የጉሎ ጭስ ምጣድ ምጣድ ይሸተዋል፤ እኔን የሚሸተኝ ሞተር ነው። ትንሽ ቤንዚን ቢጨመርበት ኖሮ ዓይኔን ጨፍኜ አቃቂ፣ የድሮው ግቢያችን ውስጥ እገኝ ነበር።

ያን ዓመት አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ይቀረዋል። ግቢያችን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሲሆን ሁለት ቤት ነበረው። በአንዱ እኔና እናቴ እንኖራለን፤ በሌላው የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ንጉሤ። አባቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር በወር ሁለት ጊዜ ቤት ካደረ ብዙ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ወንድ የሚባለው ጋሼ ነበሩ፤ ታኅሣሥ ሲገባ ወንድሜ እስኪወለድ ድረስ ማለቴ ነው።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ቆመው ብረት ሲልጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አንዲት አሮጌ ትንሽ ቶርኖ ገዝተው ከቤታቸው ጎን በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ ተከሏት። የወፍጮ ቤት ዘንግ፣ የጋሪ አክሰል፣ የተበላ ቡሎን፣ ምኑ ቅጡ፣ ሰው ይዞላቸው ይመጣል። ቁጡ አልነበሩም፤ ማመስገን ግን አይችሉበትም። ጥሩ ሥራ ሲያዩ «ይሁን» ይላሉ፣ መጥፎም ሲያዩ «ይሁን» ይላሉ፤ ልዩነቱን የምናውቀው ከድምፃቸው ነው።

ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም አልደበቁትም። «ዓይን ቢደክም ጣት አለ» ይሉ ነበር። እውነትም የላጡትን ብረት በአውራ ጣታቸው አንዴ ዳበስ አድርገው «እዚህ ጋ ትንሽ ከፍ ብሏል» ሲሉ እኔ አፍንጫዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ ባይ ምንም አይታየኝም። ጸጉር የምታክል ልዩነት በጣታቸው ይለያሉ። ባለጉዳዮቹ የሚመጡት ለዚህ ጣት ነው፤ እሳቸውም ጠዋት ከአልጋቸው የሚነሱት ለዚሁ ነው። ይህን ያኔ በዚህ ቋንቋ ባልናገረውም አውቀው ነበር።

ካርት የምትባለውን ትንሽ የውድድር መኪና ያመጣት ሙራድ ነው። ሙራድ እዚያው አቃቂ የአባቱን የመለዋወጫ ሱቅ የሚጠብቅ፣ ሃያ ዓመት የዘለለ ቀጭን ልጅ ነበር። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሱቁን በላባቸው ያቆሙ ሰው ናቸው፤ ልጁ ግን ከዕቃ ይልቅ ፍጥነት ይወዳል። አንድ የውጭ አገር ሰው ንብረቱን ሸጦ ወደ አገሩ ሲመለስ ከቁርጥራጭ ብረት መሐል አገኛት። በጋሪ ጭኖ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ ሲያወርዳት ምን እንደሆነች አልገባኝም። አራት ትንንሽ ጎማ፣ አንድ መቀመጫ፣ አንድ መሪ፤ ጣሪያ የላት፣ በር የላት። ሰፈራችን ወዲያው «ባለሞተር አልጋ» ብሎ ስም አወጣላት። ሞተሯ ከመቀመጫው ጎን ታስራ የአንድ ጎረምሳ ጭንቅላት ብታክል ነው፤ ውስጧ ዝጎ አትዞርም።

«ጋሽ ንጉሤ፣ ይቺን እንዳይንቋት» አለ ሙራድ። «ጤነኛ ስትሆን በደቂቃ አስራ ሁለት ሺህ ጊዜ ነው የምትሽከረከረው። ሙድ ናት!»

«ለስንት ደቂቃ?» አሉ ጋሼ።

ሙራድ ጭንቅላቱን አከከ። ጥር መጨረሻ ላይ ቃሊቲ፣ አንድ ፋብሪካ የጭነት መኪና በሚያቆምበት ሰፊ አስፋልት ላይ የካርት ውድድር አለ፤ ሠላሳ ዙር ነው።

«እንግዲያው ሠላሳ ዙር የምትኖር ሞተር እንሠራለን» አሉ ጋሼ። «መፍጠን ቀላል ነው። ሲፈጥኑ ቆይቶ በእግር አለመመለስ ነው ሥራው።»

እኔ አስራ ሁለት ሺህ የሚለው ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ማታ በአልጋዬ ላይ ጣቴን እያሽከረከርኩ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ ዘጠናም አልሞላሁም። በደቂቃ አስራ ሁለት ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ነገር እንዴት አይደክመውም ብዬ ለሞተሯ አዘንኩላት።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። መብራት በፈረቃ ስለነበር ቶርኖው የሚሠራው በየሁለት ቀኑ ነው፤ መብራት በማይኖርበት ቀን የእጅ ሥራ ይሠራል። ጋሼ ፒስተኑን ከሚገፋው ዘንግ ላይ እያንዳንዷን ጭረት በብርጭቆ ወረቀት ሲያጠፉ ሁለት ቀን ዋሉ። ሙራድ «ውስጥ የሚገባ ነገር ማን ያየዋል ብለው ነው?» አላቸው። «ብረት ሲሰበር ከጭረት ነው የሚጀምረው። ሰውም እንደዚያው ነው» አሉት። የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ጠርዝ ሁሉ በትንሽ ሞረድ አለዘቡ፤ በፒስተኑ ወገብ ዙሪያ የሚጠለቁት ፋሻ የሚባሉ ቀጫጭን ቀለበቶች በስለታማ ጠርዝ እንዳይነከሱ ነው። ሙራድ ኃይል እንዲጨምር ቤንዚኑ እንዲቀንስ ይፈልጋል፤ ጋሼ ትንሽ ያብዛ ይላሉ። «የተራበ ሞተር ይሮጣል፤ ግን ራሱን እየበላ ነው የሚሮጠው።» እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሞተሯ ውስጥ እሳት የምትጭረውን የካንዴላን ቀለም ማንበብ ነው። ካንዴላዋ ነጭ ሆና ከወጣች ሞተሯ ተርባለች፤ ጥቁር ከሆነች ጠግባ አግስታለች፤ እንደ ተቆላ ገብስ ከሆነች ተስማምቷታል።

የዘይቱ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበር። ይህች ዓይነት ሞተር ዘይቷን ከቤንዚኗ ጋር ቀላቅላ ነው የምትጠጣው። ጋሼ ጉሎ ካልሆነ አሉ፤ ሌላው ዘይት ብረት ሲግል ጥሎ ይሸሻል፣ ጉሎ ግን ሙጭጭ ይላል። የጸዳ የጉሎ ዘይት የሚገኘው መድኃኒት ቤት ስለነበር ሙራድ ያሉትን ትንንሽ ጠርሙሶች በሙሉ እንዲሸጡለት ጠየቀ። ሻጯ ከላይ እስከ ታች አይታው «ስንት ሰው ነው ሆዱ የደረቀው?» አለችው። «መኪናዬ ናት» ብሎ ሲመልስላት ዘበኛው ተጠርቶ እንደነበር ራሱ እየሳቀ ነገረን።

ልኬት ሲሆን የምጠራው እኔ ነኝ። ጋሼ ማይክሮሜትር የሚባል ብረት የሚለካበት ዕቃ ነበራቸው፤ በእንጨት ሳጥን ውስጥ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ። መስመሮቹ ለእሳቸው ዓይን ስለማይታዩ እሳቸው ያጠብቁታል፣ እኔ አነባለሁ። ሦስት ጊዜ ነው የሚያስነብቡኝ፤ ሦስቱም አንድ ካልሆነ እንደገና። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መሐል የሚተወው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር መቶ ቦታ ተከፍሎ ስምንቱ እጅ ነው። ከዚያ ከጠበበ ፒስተኑ ሲግል አብጦ ይጣበቃል፤ ከሰፋ ደግሞ እየተንገጫገጨ ራሱን ይፈጃል። የመጨረሻዋን ስስ ፍቆት ግን በቁጥር አልሠሯትም። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳበሱ ነው የጨረሷት። ከዚያ ፒስተኑን ሲሊንደሩ አፍ ላይ አስቀምጠው ለቀቁት፤ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ ፍፍፍ እያለ ወረደ። «ይሁን» አሉ፤ ይህቺ ጥሩዋ «ይሁን» ነበረች።

በዚሁ ሰሞን እናቴ አራስ ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግማሽ ቀኔ የእሷ ነው። አጥሚት አቀብላለሁ፣ ጨርቅ አሰጣለሁ፣ ጎረቤቶች እስኪመጡ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ አራስ ብቻዋን አትተውምና። ትራሷ ሥር ቢላ አለ። ፀሐይ እንዳያገኛት፣ ምች እንዳይመታት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነፋስ እንዳይገባባት መስኮቱ ተዘግቶ ስንጥቁ ሳይቀር በጨርቅ ተወትፏል። በሩን ከፍቼ የተውኩ ቀን የጎረቤታችን ሴት «እናትሽን ልትገይ ነው?» ብላ ጆሮዬን ቆንጥጣኛለች። ቁንጥጫው ለሁለት ቀን አልለቀቀኝም።

ሞተሯ ተገጥማ ግቢው ውስጥ ካለች ወፍራም ጠረጴዛ ጋር በቡሎን ስትታሰር ጋሼ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ስሚ አስቴር፤ አዲስ የተሠራ ሞተር እንደ አራስ ነው። ይቺ አሁን ስድስት ሰዓት ያህል በዝግታ ትሠራለች፤ ፒስተኑና ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመዱ። አትቸኩልም፣ አትጮህም፣ ብቻዋንም አትተውም።»

«አርባ ነው ሰማንያ?» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ነዋ ክርስትናው።»

ሙራድ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። «ስድስት ሰዓት። ይበቃታል» አሉኝ እንደ ቁም ነገር።

ካርት ሲሮጥ ነፋስ ሞተሩን ያበርደዋል። ጠረጴዛ ላይ የታሰረች ሞተር ግን አትሮጥምና ጋሼ የጠረጴዛ ማራገቢያ ከቤታቸው አውጥተው ፊት ለፊቷ ደቀኑባት። ለምን እንደሆነ ለሙራድ ሲያስረዱት እኔ እናቴ ጋ ነበርኩ። ተመልሼ ስመጣ ያየሁት አራስ ናት የተባለች ሞተር፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ ሲለቀቅባት ነው። «ጋሼ፣ ነፋስ አይመታትም?» ብዬ ጮህኩ፤ በሞተሯ ጩኸት አልሰሙኝም። መብራት ባለበት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ሠራች። ሁለቱንም ቀን ማራገቢያዋን በጥርጣሬ ሳያት ዋልኩ።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከሙራድ ሱቅ አንድ ልጅ መጥቶ ጋሼን በስልክ የሚፈልጋቸው ሰው እንዳለ ነገራቸው፤ ከመርካቶ የካርቡራተር ዕቃ ሊያፈላልግላቸው ቃል የገባ ሰው ነው። ጋሼ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

«አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ድምጿ ከተለወጠ ይቺን ሽቦ ንቀይ፤ ትጠፋለች። ሌላ ነገር አትንኪ።»

እኔና ሞተሯ ብቻችንን ቀረን። የግቢያችን ዛፍ ጥላ ከጠረጴዛዋ ላይ ሸሽቶ ፀሐይ እላይዋ ላይ ወጣች። ማራገቢያዋ ያለ ርኅራኄ ትነፋባታለች። አትንኪ ስለተባልኩ ማራገቢያዋን አላጠፋሁም። ነገር ግን የእናቴ ጋቢ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሙቅ ሆኖ። አወረድኩት፣ ሁለት ቦታ አጠፍኩት፣ ሞተሯን ከራሷ እስከ ወገቧ ሸፈንኳት። እንድትተነፍስ ብዬ የጭስ መውጫዋንና አየር የምትስብበትን ክፍት ተውኩላት።

ድምጿ ወዲያው ረጋ አለ። ጩኸቷ ወፈር፣ ለስለስ አለ። እንቅልፍ ወሰዳት አልኩና ደስ አለኝ። አጠገቧ ተቀምጬ እናቴ ለወንድሜ የምትለውን እሹሩሩ ቀስ ብዬ አልኩላት። ድምጿ ከዚያ ቀጠነ፤ ሽቦውን ንቀይ የተባልኩት ትዝ አላለኝም፤ ሰው እኮ ሲተኛ ድምፁ ይቀጥናል። ድንገት አንዴ ጮኸችና ቀጥ አለች። ጋቢውን ስገፍፈው ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። የጋቢው አንድ ጫፍ የጭስ መውጫው ላይ ወድቆ ቡናማ ሆኗል። ገደልኳት ብዬ አሰብኩ። ጋቢውን ጠቅልዬ ማገዶ ቤት ወሸቅኩት።

ጋሼ ከበሩ ላይ ጀምረው ጸጥታውን ሰምተው ኖሮ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ምን ሆነች?»

«ቆመች።»

«ዝም ብላ?»

«ዝም ብላ» አልኩ።

ያቺ ቃል ናት ውሸቷ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች የከበደችኝ ግን የለችም።

ሲፈታ ፒስተኑ በአራቱም ጎን ተፍቆ፣ ብረቱ ቀልጦ እንደተላላጠ ቆዳ ሆኖ ወጣ። ጋሼ በጣታቸው ዞሩት። አንድ ጎን ብቻ ቢሆን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ አራቱም ሲሆን ግን የጠበበ ሲሊንደር ማለት ነው፤ እሳቸው ያነበቡት እንደዚያ ነው።

«ጠቧታል» አሉ።

«ልጅቷ ቁጥሩን አሳስታ አንብባ ይሆናላ» አለ ሙራድ፤ በእኔ ላይ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ የሳቸውን ጥፋት ለማቅለል ነው።

«እሷ አላሳሳተችም» አሉ ጋሼ። «ሦስት ጊዜ ነው ያነበበችው። ከቁጥሩ በኋላ በጣቴ የጨረስኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው መዳፋቸውን አዩት። «እሱም ሄደ ማለት ነው» አሉ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰኞ አንድ ሰውዬ የወፍጮ ዘንግ ይዞ ሲመጣ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «ቶርኖው ተበላሽቷል» አሉት። ቶርኖው ምንም አልሆነም፤ ጠዋት እኔው ነኝ አቧራውን የጠረግኩት። ማክሰኞ ሌላ ሰው መጣ፤ ለእሱም እንደዚያው። ለሙራድ «መርካቶ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉ፤ ውሰድላቸው» አሉት። መሣሪያዎቻቸውን አንድ በአንድ ዘይት ቀብተው ጠቀለሉ። ቀን ቀን በር ላይ ዱካ አውጥተው ቁጭ ማለት ጀመሩ፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሞ። ያን ጊዜ አርጅተው አየኋቸው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝና የማይክሮሜትሩን ሳጥን ሰጡኝ።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? አንቺ ታነቢዋለሽ። ያዢው።»

ሳጥኑን ታቅፌ እናቴ ክፍል ገባሁ። ሰው አምኖ የሰጠኝን ገንዘብ ሰርቄ የያዝኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ። እናቴ አልጋው ላይ ወንድሜን ታጠባለች። ጭኗ ላይ ጋቢው ነበር። ማገዶ ሊያወጣ የገባ ጎረቤት አግኝቶት አምጥቶላታል።

«ይሄን ምን ነካው?» አለችኝ፤ ቡናማውን ጫፍ እያሳየችኝ።

«ከሰል ላይ ወደቀ።»

ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ከሰል ጉሎ ጉሎ ይሸታል እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ነፋሱን፣ ፀሐዩን፣ እንቅልፏን። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ወንድሜ ጡቱ አምልጦት እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ሳጥኑን አየችና ሳቋ ቆመ።

«ይሄን እሳቸው ናቸው የሰጡሽ?»

«አዎ።»

«አስቴር፣ ሞተሩ ብረት ነው፤ ይተካል። ሰውዬው ግን በራሳቸው እጅ ላይ ፈርደው ተቀምጠዋል። ይሄን እያየሽ ልትተኚ ነው?»

አልተኛሁም። ብናገር ጋሼ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ እንደማያስደርሱኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ባልናገር ደግሞ ቆርቆሮ ቤቷ ራሷ እንደተዘጋች ትቀራለች። ሁለቱንም መሸከም አቃተኝ።

ጠዋት ሙራድ ጋሪ ይዞ መጥቶ ሞተሯን ከነጠረጴዛዋ ጭኗል። ባለጋሪው ፈረሱን ሊያዞር ሲል ጋቢውን ይዤ መሐላቸው ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አራስ ናት ስላሉ ነፋስ እንዳይመታት አለበስኳት።»

«ምን አልሽ?» አለ ሙራድ። «ምን አለበስሻት?» ጋቢውን ሲያይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ወላሂ ልጅቷ አፍናት ነው የገደለቻት!»

ጋሼ አልተቆጡም። ጋቢውን ተቀብለው የተቃጠለውን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ የባቡር መርማሪ ይመስል ይጠይቁኝ ጀመር። ስንት ደቂቃ ቆየች? ራሷን ሙሉ በሙሉ ነው የሸፈንሻት? ድምጿ መጀመሪያ ወፈረ ወይስ ቀጠነ? ማራገቢያው እየሠራ ነበር? ሁሉንም መለስኩ፤ እሹሩሩውን ብቻ አልተናገርኩም። ስጨርስ ጋቢውን መለሱልኝ። እጃቸውን ደግመው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ሙራድ» አሉ።

«አቤት ጋሽ ንጉሤ?»

«አውርዳት።»

ሙራድ ከሱቁ አንድ ቁጥር ከፍ የሚል ፒስተን ፈልጎ አመጣ፤ ሲሊንደሩ ለእሱ እንዲስማማ እንደገና ተላጠ። ልኬቱ ላይ ስንደርስ ማይክሮሜትሩን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አትመልሺው አላሉኝም።

«በፊት ስንት ነበር?» አሉኝ።

«ስምንት።»

«ስምንት ይሁን።»

«ጋሽ ንጉሤ፣ ለማንኛውም ዘጠኝ ብናደርጋትስ?» አለ ሙራድ ፈራ ተባ እያለ።

«ስምንት አልኩ።»

የመጨረሻዋን ፍቆት ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጨረሷት። አሁን ከተጣበቀች ምክንያት የሚሆን ጋቢ የለም። በስድስት ሰዓቱ ውስጥ አራተኛው ሰዓት ላይ ስንደርስ ጋሼ ተነሥተው «ሙራድ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አሉኝ። ስልክ አልተደወለም፤ ልጅም አልመጣም። ሆን ብለው እኔንና ሞተሯን ጥለውን ሄዱ። ከማራገቢያዋ ጎን፣ ሽቦውን በእጄ ይዤ፣ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ሲመለሱ እየሠራች ነበር።

እናቴ ይቅርታ እንድጠይቅ ነግራኝ ስለነበር ያን ዕለት ማታ ጉልበታቸውን ስሜ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ይሁን» አሉ። የትኛዋ «ይሁን» እንደሆነች ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ስለ ጋቢው አንድም ቀን አላነሡም፤ እኔም ቅጣቱን ስጠብቅ የጥር መጨረሻ ደረሰ።

የውድድሩ ቀን አስፋልቱ ዙሪያ በአሮጌ ጎማ ታጥሮ ነበር። ሰባት ካርት ተሰለፈ። የሌሎቹ ቀለማቸው ያበራል፤ የኛይቱ አሁንም አልጋ ትመስላለች። ጋሼ ከሩቅ ስለማይታያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎማ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ማን ከፊት እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ሙራድ ከሰባቱ ስድስተኛ ነበር። በአስረኛው ዙር አንዷ ካርት ዘይት እየተፋች ወጣች። በአስራ ሰባተኛው ሌላ። ሃያዎቹ ውስጥ ሲገቡ ከፊት የነበረችው፣ ከውጭ በሣጥን ታሽጋ የመጣች አዲስ ሞተር የተገጠመላት ቀይ ካርት፣ ከኛ ፊት ለፊት ጮኻ ቀጥ አለች። ያን ጩኸት አውቀው ነበርና የጋሼን ክንድ ያዝኩ።

«የኛ አይደለችም» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የኛ ያቺ ናት፤ ስሚያት።»

ሙራድ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሠላሳውንም ዙር ሞተሯ ድምጿን አልለወጠችም። ጋሼ ካንዴላዋን አስፈትተው ሰጡኝ፤ የተቆላ ገብስ መስላ ወጣች።

የቀይዋ ካርት ባለቤት፣ እጁ በዘይት የቆሸሸ ትልቅ ሰው፣ ወደ እኛ መጥቶ ሞተሯን ጎንበስ ብሎ አያት። በጭሱ ውስጥ ያለውን ጉሎ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺን ማን ነው የሠራት?» አለ።

ሙራድ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሼ ቀደሙት።

«እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «የመጀመሪያዋን ግን ከዚች ልጅ ጋር ሆነን ነው ያቃጠልናት። እኔ አራስ ናት አልኩ፤ እሷ አለበሰች።»

ሰውዬው ነገሩ ባይገባውም በትህትና ሳቀ፤ የሁለታችንንም እጅ ጨብጦ ሄደ። ጋሼ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ እንዳደረጉ ቆዩ። እኔ ለቅሶዬ መጣ፤ ላቆመው ብዬ አልቻልኩም። ሙራድ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነው ብሎ ውኃ አቀበለኝ።